ምን መብላት አቆሙ፣ እማማ?

አክስቴን የመረመረቻት ሐኪም ያነሳችው አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጥያቄው ቀላል ነው። መሣሪያ አይፈልግም፤ ገንዘብ አያስወጣም። ሕክምና ያልተማረ ሰውም ሊጠይቀው ይችላል። አክስቴ ግን ለወራት ስትመላለስ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

አክስቴ የኖረችው አርሲ ነው፤ ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ ከተማ። ባሏ የሞተው ጥር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መክሳት ጀመረች። ምክንያቱ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ሐዘን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችው ሰው ተለይቷት እንዴት እህል ይውረድላት? ጎረቤት ሰሃን ይዞ እየመጣ «እባክሽ ትንሽ ቅመሺ» ይላታል። እሷም «አልወርድ አለኝ» ትላለች። ሐዘንተኛ እንዲህ ሲል የሰማ ሰው ያጽናናል እንጂ አይመረምርም።

ሐኪም ዘንድ አልሄደችም ማለት አይደለም። ሄዳለች፤ ደጋግማ። መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ ጨጓራ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይጻፍላታል፣ ሲያልቅ ሌላ ይጻፍላታል። አንዴ «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ተብላ አንቲባዮቲክም ወሰደች። ቡና ተከለከለች፣ በርበሬ ተከለከለች። በመሃል ፀበል ገባች። ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ስለሆነ አላረዝመውም። ጥቅምት ላይ ልጆቿ ተመካክረው ወደ እኔ፣ ወደ አዲስ አበባ ላኳት።

በበዓል የተቆጠረ ሕመም

ሐኪሟ ወጣት ናት። የአክስቴን የድሮ ማዘዣዎች አንድ በአንድ አየቻቸውና ወደ ጎን አደረገቻቸው። ከዚያ ወንበሯን ወደ አክስቴ ጠጋ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ በፊት ይበሉት ከነበረው ምን መብላት አቆሙ?»

አክስቴ ትንሽ አሰበች።

«ሥጋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ። የፋሲካ ዕለት ጥብሱን ባኝከው ባኝከው፣ ልውጠው ስል እዚህ ጋ ቆመ።» በሌባ ጣቷ መሃል ደረቷን ነካች። «ውኃ ስጠጣበት ውኃውም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መረቁን ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ዳቦ። እሱ እንኳን ሰኔ ላይ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበር። ቂጣም እንደዚያው።»

«እንጀራስ?»

«እንጀራ ፍልሰታን አልዘለቀም። መጀመሪያ በወጥ እያራስኩ፣ ፍትፍት እያደረግሁ እበላ ነበር። በኋላ ፍትፍቱም እምቢ አለ። ለእንቁጣጣሽ ገንፎ ነው የበላሁት፤ እሱም ቀጠን ተደርጎ። ከመስቀል ወዲህ አጥሚትና ወተት ነው።»

«አጥሚቱ ይወርዳል?»

«ቀስ ካልኩ ይወርዳል፣ ልጄ።»

ሐኪሟ የጻፈችውን ከጎኗ ሆኜ አየሁት። አንዱ ከሌላው በታች ተደርድሯል፦ ጥብስ፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ገንፎ፣ አጥሚት። ከየጎናቸው ፋሲካ፣ ሰኔ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ገጹን ለአፍታ ተመለከተችውና «ጨጓራ እንዲህ በተራ አይሄድም» አለች። በዚያው ሳምንት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ የምግብ ቧንቧን ከውስጥ የሚያይ ምርመራ፣ እንዲደረግላት አዘዘች።

ከዚያ ክፍል ስንወጣ በሽታው ምን እንደሆነ ገና አልተነገረንም ነበር። እኔን ግን ያቺ ገጽ አስደንግጣኛለች። አክስቴ ሁሉንም ታውቀው ነበር። ቀኑን፣ ምግቡን፣ የቆመበትን ቦታ ጭምር። ማንም ስላልጠየቃት በውስጧ ይዛው ኖራለች። በየጤና ተቋሙ ሲጠይቋት የነበረው «ያቃጥልሻል ወይ? ያምሻል ወይ?» የሚለውን ነው። እሷ ደግሞ እውነቱን ትመልሳለች፤ ብዙም አያቃጥላትም፣ ብዙም አያማትም።

ለምን በተራ ይሄዳል?

በሽታዋ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ሐኪሟንም ጠየቅኋት። የምግብ ቧንቧ ወደ 25 ሳንቲሜትር የሚረዝም የጡንቻ ቱቦ ነው። ከጉሮሮ ተነስቶ ከአየር ቧንቧው ጀርባና ከልብ ኋላ አልፎ ጨጓራ ላይ ያበቃል። ትልቁ ባሕርይው መለጠጥ ነው። ትልቅ ጉርሻ ሲመጣ ይሰፋል፤ ሲያልፍ ይሰበሰባል። በአንድ ጎኑ ዕጢ ቢያበቅል እንኳን የቀረው ጎን ተለጥጦ ምግቡን ያሳልፋል። ለዚህ ነው በሽታው ሲጀምር ምንም የማይሰማው።

ምልክት የሚመጣው ቧንቧው ከግማሽ በላይ ከጠበበ በኋላ ነው። ሐኪሞች 13 ሚሊሜትር የምትል ቁጥር አለቻቸው። መተላለፊያው ከዚያ በታች ሲጠብ ጠጣር ምግብ መያዝ ይጀምራል። መጀመሪያ ሥጋ፤ ከዚያ ዳቦ፤ ከዚያ ለስላሳው፤ መጨረሻ ፈሳሹ። ይህ ቅደም ተከተል በራሱ ምርመራ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ውኃም ምግብም እኩል የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ የቧንቧው እንቅስቃሴ ላይ ነው። ዛሬ ተይዞ ነገ ደህና የሚሆን፣ ለዓመታት እንዲሁ የቆየም ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ከጠጣር ወደ ፈሳሽ እየወረደ በወራት ውስጥ የሚባባስ ግን፣ በተለይ ሰውየው ከከሳ፣ ሌላ ምንም ሳይጠበቅ በካሜራ መታየት አለበት። ኦሜፕራዞል እየዋጡ መጠበቅ አይገባም። ኦሜፕራዞል ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ማቃጠል ትንሽ ያስታግሳል፤ ሰውም የተሻለው ይመስለዋል። ጊዜው የሚሄደው እንደዚህ ነው።

ሌላው ክፉ ነገር የቧንቧው አሠራር ነው። ጨጓራና አንጀት ከውጭ የሚሸፍናቸው ስስ ሽፋን አላቸው። የምግብ ቧንቧ አብዛኛው ክፍሉ ይህ ሽፋን የለውም። ዕጢው ግድግዳውን ከበሳ ጎረቤቶቹን ለማግኘት የሚያግደው ነገር የለም። ወደ ድምፅ ነርቭ ሲደርስ ድምፅ ይጎረናል። ከአየር ቧንቧው ጋር ቀዳዳ ሲፈጥር ሰው ውኃ በጠጣ ቁጥር ይስላል። ሊንፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱት መስመሮችም በግድግዳው ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄዱ ካንሰሩ ቶሎ ይሰራጫል። በሀብታም አገሮችም ውጤቱ ጥሩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ካንሰር ከተያዙ አምስት ሰዎች አምስት ዓመት የሚሻገረው አንዱ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ510 ሺህ በላይ ሰዎች እንደተያዙ፣ ከ440 ሺህ በላይ እንደሞቱ ተገምቷል። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ልብ በሉ።

አክስቴ ሥጋ ያቆመችው ለምን ለማንም እንዳልታየ ስጠይቅ መልሱን ከራሷ አገኘሁት። ከፋሲካ በፊት ሁዳዴ ነበር። ከዚያም ሰኔ ጾም ነው፤ ነሐሴ ጾም ነው። በመሃል ረቡዕና ዓርብ አለ። የምትጾም ሴት ሥጋ አለመብላቷን ማን ልብ ይላል? ሐዘንተኛ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ። ጾሙ፣ ሐዘኑና ዕድሜዋ ተደራርበው በሽታውን ሸፈኑት። እሷም በበኩሏ ለመደችው። ጉርሻዋን አሳነሰች፤ ብዙ ማኘክ ጀመረች፤ በየጉርሻው ውኃ ትጎነጫለች። ሰው ቤት ስትጋበዝ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች።

«ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በዚህ በሽታ ላይ ይህን ተረት ለመቀበል እቸገራለሁ። አክስቴ አልደበቀችም። አልወርድ አለኝ ብላ ለጎረቤት፣ ለልጆቿ፣ ለሐኪምም ተናግራለች። የጎደለው የሚቀጥለው ጥያቄ ነው። ምኑ? ከመቼ? የት ጋ ይቆማል? ይህን ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ሕመምተኛ ደጅ ላይ የሚጠብቃቸውን ባለሙያዎች ጫና እረዳለሁ። ሆዴን አመመኝ ከሚል መቶ ሰው አብዛኛው እውነትም ጨጓራ ነው። ግን «መዋጥ አቃተኝ» የሚል ሰው ከመቶው ተለይቶ መውጣት አለበት። ይህን የምለው እንደ ተቆጣ ዘመድ ነው፤ ቁጣዬም ገና አልበረደም።

«የት ነው ያደጉት?»

ኢንዶስኮፒው ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ጉሮሮዋ ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተረጨ። በግራ ጎኗ አስተኟት፤ ጥርሷ መሃል የፕላስቲክ ቀለበት አደረጉላት። ከዚያ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገባ። ኋላ ሥዕሉን አሳዩን። ጤነኛው የቧንቧ ክፍል ለስላሳና ሮዝማ ነው። ከመሃሉ ዝቅ ብሎ ግን ሸካራ፣ ነጣ ያለ፣ አለፍ አለፍ ብሎ የሚደማ ነገር ከሦስት ወገን ወደ ውስጥ ገብቷል። የቀረችው መተላለፊያ የካሜራውን ቱቦ ራሱ አላሳለፈችም። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይላል።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው አዴኖካርሲኖማ ነው። የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ወደ ላይ እየወጣ የታችኛውን ቧንቧ ሲያቃጥለው የሚመጣው ይህ ነው። ከውፍረትና ከረጅም ጊዜ ቃር ጋር ይያያዛል፤ በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የበዛውም እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብታነቡ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ እሱ ነው። የእኛ አገሩ ግን በአብዛኛው ሁለተኛው፣ ስኳመስ የሚባለው ነው። በዓለምም የሚበዛው እሱ ነው። ቃር ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎችን ይይዛል። ቃር የለብኝም ብሎ የተረጋጋ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሐኪሟ ሁለተኛ ጥያቄ «የት ነው ያደጉት?» የሚል ነበር። አክስቴ አርሲ ስትላት ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዚህ ካንሰር ከሚታከሙት ሰዎች ብዙዎቹ ከአርሲና ከባሌ እንደሚመጡ ከታወቀ ቆይቷል። ነገሩ በእኛ አያበቃም። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ድረስ የሚወርድ አንድ መስመር አለ። በዚህ መስመር ላይ በሽታው ከሌላው አፍሪካ እጅግ ይበልጣል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ግን ብርቅ ነው። የሚያስደነግጠው ደግሞ ወጣቶችንም መያዙ ነው። ኬንያ ቦሜት በሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል 30 ዓመት ያልሞላቸው ሕመምተኞች ጭምር ታይተዋል።

ለምን እዚህ? አንድ መልስ የለም። አርሲና ባሌ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ላይ የሚያነሷቸው ነገሮች አሉ፦ በጣም ትኩስ ገንፎ፣ ጫት፣ አትክልትና ፍራፍሬ የጎደለው ማዕድ። የጓዳ ጭስም ይጠረጠራል። ትምባሆና መጠጥ በየትኛውም አገር ለዚህኛው ዓይነት የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። አክስቴ ግን ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ መጠጧም የበዓል ጠላ ነበር። እሷ የለመደችው ገንፎን ነው።

ገንፎ፣ ሻይ፣ ቡና

የአርሲን ገንፎ የማያውቅ ካለ ልንገረው። የገብስ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ ይነሰነሳል፤ ማማሰያው እምቢ እስኪል ይገነፋል። ሰሃን ላይ ተድበልብሎ መሃሉ ይጎደጎዳል፤ ቅቤና በርበሬ እዚያ ውስጥ ይገባል። ከዳር እየቆረሱ ቅቤው ውስጥ እያጠቀሱ መዋጥ ነው። ማኘክ የለም። ይህ ለሙቀቱ ትልቅ ነገር ነው። እንጀራ እጅ ላይ ይበርዳል፤ ዳቦ አፍ ውስጥ ሲታኘክ ይበርዳል። ገንፎ ግን ከላይ በረድ ቢልም ውስጡ ረመጥ ነው። በቅቤ ተለውሶ ሳይነካካ ያልፋል። አፍ የሚያውቀው ከላይ ያለውን ነው፤ ውስጡ የሚፈታው ቧንቧው ላይ ደርሶ ነው። «ገንፎን እፍ እፍ ቢሉት ሊውጡት ነው» የተባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም የአበላሉን ጥድፊያ ደህና አድርጎ ይገልጸዋል። ከበረደ ጣዕም የለውም ይባላላ። አራስ ትበላዋለች፣ ሕፃን ይበላዋል፤ ከእርሻ የገባ ገበሬ ይበላዋል።

ስለ ሙቀቱ ማስረጃው ከሩቅ አገርም ይመጣል። ሰሜን ኢራን ጎለስታን የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በዓለም ላይ ይህ ካንሰር እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሕዝቡ ጥቁር ሻይ ሲፈላ ይጠጣል። ተመራማሪዎች እዚያ 50 ሺህ ያህል ሰዎችን ለዓመታት ተከታተሉ። ሰውን «ሻይ ትኩስ ትወዳለህ?» ብለው መጠየቅ አላረካቸውም። ሁለት ሲኒ ሻይ ቀዱ። አንዱን ለሰውየው ሰጡ፤ ሌላው ውስጥ ቴርሞሜትር ከተቱ። 75 ዲግሪ ላይ ሲደርስ «አሁን ቅመሰው፤ የምትጠጣው እንዲህ ነው?» ይሉታል። አይደለም ካለ አምስት ዲግሪ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ውጤት 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ሻይ በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጡ ሰዎች፣ ጥቂትና ቀዝቀዝ ያለ ከሚጠጡት ይልቅ የመያዝ ዕድላቸው በ90 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገባው። እዚያው ላይ ለእኛ ደስ የሚል ነገርም ተናገረ። ቡና በራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ከሁሉ በላይ የተደሰተችው በዚህ ነው። ያለ ምክንያት ከቡና ተለይታ ከርማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልበል። ገንፎ የሚበላ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ አብዛኛው ሳይታመም ያረጃል። አንዲት ሴት እናቷ ያስለመደቻትን ምግብ በመብላቷ ጥፋተኛ አትባልም። አንዳንድ ዘመዶች ውጤቱን ሲሰሙ «ትኩስ ትወድ ነበር እኮ» ማለት ጀምረው ነበር። ሕመምተኛ ፊት እንዲህ አይባልም። ገንፎው ይቀጥል፤ ሰሃን ላይ ዘርጋ ተደርጎ ትንሽ ይብረድ። ከዚህ በላይ የምጠይቀው የለም።

መዋጥ መቻል

ሕክምናው የሚወሰነው በተገኘበት ደረጃ ነው። ገና የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ላይ ሳለ ከተገኘ በኢንዶስኮፒ ብቻ ተልጦ ሊወጣ ይችላል። ቻይና ውስጥ በሽታው በሚበዛባቸው አካባቢዎች ጤነኛ ሰዎችን ሳይቀር በካሜራ ይፈትሻሉ። ቧንቧው ላይ አዮዲን ይረጫሉ፤ ጤነኛው ቡናማ ይሆናል፣ የታመመው ነጥቶ ይቀራል። ባለሙያው በዓይኑ የማያየውን አዮዲኑ ያሳየዋል።

ግድግዳው ውስጥ ከገባ ቀዶ ሕክምና አለ። ቧንቧው ይወጣና ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ በቦታው ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1913 ኒውዮርክ ውስጥ ፍራንዝ ቶሬክ የተባለ ሐኪም ደረት ውስጥ ያለውን ቧንቧ አውጥቶ ሕመምተኛዋን ለማትረፍ የመጀመሪያው ሆነ። መልሶ የሚያገናኝበት ዘዴ ገና አልነበረም። ሴትየዋ ከአንገቷ ወደ ጨጓራዋ በውጭ በኩል በሚሄድ የጎማ ቱቦ እየበላች ከ10 ዓመት በላይ ኖረች። ዛሬ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞና ጨረር አብሮ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ከታከሙት ስኳመስ ዓይነት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት በወጣው ቧንቧ ላይ አንድም የካንሰር ሴል አልተገኘም። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። በጊዜ ለደረሰ ሰው በሽታው እንዲህ ይሸነፋል ማለት ነው።

አክስቴ ያንን ጊዜ አላገኘችም። ሲቲ ስካኑ ካንሰሩ ጉበቷ ላይ መድረሱን አሳየ። ሐኪሟ ለልጆቿ ብቻ ነጥላ አልነገረችም። ለራሷ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ነገረቻት። አክስቴ «መዋጥስ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። ሌላ አልጠየቀችም።

ስቴንት ገባላት። ስቴንት እንደ ወንፊት የተጠለፈ የብረት ቱቦ ነው። ተጣጥፎ ይገባና ጠባቡ ቦታ ላይ ሲለቀቅ ራሱ ይከፈታል። ካንሰሩን አይነካውም። መንገዱን ብቻ ይከፍታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረቷን አመማት፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በየጉርሻው መሃል ውኃ እንድትጠጣ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ እንድትበላ፣ ጥብስና ጥሬ ጎመን የመሰለ ነገር እንዳትሞክር፣ ማታ ትራሷን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ ነገሯት። ከፈሳሽ ተነስታ ቀስ በቀስ ወደ ሽሮ ፍትፍት ደረሰች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ዓይኗን ጨፍና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ወረደ። «አለፈ» አለችና ሌላ ጠቀለለች።

ለገና አርሲ ነበረች። ልጆቿ መካከል ተቀምጣ የዶሮ መረቅ በእንጀራ በላች። ሰኔ ላይ ዐረፈች። ብዙ ሰው «ስቴንቱ ምን ፈየደላት?» ይላል። እኔ የፈየደውን አይቻለሁ። ረሃብ ካንሰር ካለበት ሰው ላይ የሚነሳ ትንሽ ሸክም አይደለም። እስትንፋሷ እስካለ ድረስ ከቤተሰቧ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ችላለች። ይህ አገልግሎት በየክልሉ ሆስፒታሎች ቢስፋፋ ብዬ አጥብቄ እመኛለሁ። ከአርሲ ገጠር ተነስቶ ለካሜራ ምርመራ ብቻ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የመንገዱን፣ የማደሪያውንና የቀጠሮውን ወጪ አልችል ሲል እቤቱ ይቀራል።

አሁን አርሲ ስደውል የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው። «ጤና ነው?» ካልኩ በኋላ «ምን መብላት አቆማችሁ?» እላለሁ። መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር፤ አሁን ለምደውታል። ውጭ አገር ላሉት ዘመዶቼም እነግራለሁ። ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሐኪም ሕመምተኛው የት እንዳደገ ላያውቅ ይችላል። አርሲ ወይም ባሌ ያደገ ሰው መዋጥ ሲቸገር ይህን አስቀድሞ ቢነግረው ይጠቅመዋል።

ባለፈው መስከረም የአጎቴ ልጅ «ዳቦ ይይዘኝ ጀምሯል» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ስለው «ከነሐሴ» አለ። ሥጋስ? «እሱንም ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ ነው።» በዚያው ሳምንት አመጣነው። ካሜራው ቧንቧው ታች ላይ ቁስልና ጥበት አገኘ። ናሙናው ተመርምሮ ካንሰር የለበትም ተባለ፤ የአሲድ ቁስል ነው። ጥበቱን በፊኛ አሰፉለት። መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ ቁስሉ መዳኑን ለማየት ድጋሚ ቀጠሮ ሰጥተውታል። ከሚስቱ ጋር ይመጣል፤ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው።